የሙት ሰዓት ቅናሽ

ሟቹ የተገኘው ከካፌው በላይ ባለው የቡና ቅምሻ ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ ማንኪያ እንደጨበጠ ቀርቷል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ትንንሽ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ተቀምሰዋል፣ ሦስቱ አልተነኩም። ምቱ ከኋላ ነው የመጣው። ለመዞር ጊዜ ያገኘ አይመስልም፤ ወይም ከኋላው የቆመውን ሰው ስለሚያምነው መዞር አላስፈለገውም።

መርማሪዋ ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ አልወደደችውም። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን አማኙ ነው የሚቀበረው። ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳችና ዙሪያዋን ማየት ጀመረች።

ጎልማሳነቷን እያገባደደች ያለች፣ እግሯን የሚያማት ሴት ናት። ጥያቄዋን ሁሉ «እስቲ» ብላ ስለምትጀምር ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እማማ እስቲ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቆጣም። ረዳቷ ግን ወጣት ነው፤ ሁሉ ነገር ትናንት አልቆ ቢሆን ደስ የሚለው ዓይነት።

የሞተው ሰው የአሥራ አንድ ካፌዎች ባለቤት ነበር። ካፌዎቹ ውድ ናቸው። ወንበሩ ቆዳ፣ ስኒው ስስ፣ ዋጋው ደግሞ ሰሌዳው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነው፤ መነጽር አውጥቶ ማንበብ ያሳፍራል። ሌሎች ካፌዎች የጠዋት ቅናሽ፣ የተማሪ ቅናሽ፣ አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ ሲሉ እሱ ንቅንቅ አላለም። «ዋጋውን የቀነሰ ራሱን ቀነሰ» ይል ነበር። ሠራተኞቹ «አይቀንሴ» ብለው ስም አወጡለት። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ሌላ ካፌ ተከፍቶ ደንበኞቹን በግማሽ ዋጋ አንድ በአንድ ሲለቅምበት እንኳ አይቀንሴ አልቀነሰም። ከምሳ በኋላ እስከ ሥራ መውጫ ያለውን ጊዜ የካፌ ሰዎች «ሙት ሰዓት» ይሉታል። በዚህ ቤት ከዚያ ወዲህ ሙት ሰዓት እውነትም የሞተ ሆነ። ባለቤቱም የሞተው በዚያው ሰዓት ነው።

በመስኮቱ ደፍ ላይ አሮጌ ሚዛን ቆሟል። ሟቹና ታናሽ ወንድሙ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሱቅ ሲከፍቱ ቡና የመዘኑበት ነው ተብሏል። የሚዛኑ ብረቶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈዋል። መርማሪዋ ጓንት ባደረገ ጣቷ ነካካቻቸው። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፤ ትልቁ ብቻ ንጹሕ ነው።

«የመታው በዚህ ነው» አለ ረዳቷ። «አጥቦ መለሰው።»

«እሱስ እሺ። እስቲ አሁን ደግሞ ታች ውረድና ካፌው መሃል ቆመህ ጩህ።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግኸውን። ደመወዝ ይጨመርልኝ በል።»

ወደ ቅምሻ ክፍሉ የሚያስገቡት በሮች ተከታትለው የተገጠሙ ሁለት በሮች ናቸው፤ ጠርዛቸው በጎማ ተለብጧል። ከታች የሚመጣ የኬክ ሽታ ቅምሻውን እንዳያበላሽ ተብሎ ነው የተሠራው። ከበሮቹ ውጭ አንድ ደረጃ ወደ ካፌው፣ ሌላ ደረጃ ደግሞ በጓሮ በኩል ቡና ወደሚቆላበት ግቢ ይወርዳል። መርማሪዋ ሁለቱንም በሮች ዘግታ ከሟቹ ጋር ብቻዋን ቆመች። የራሷ ትንፋሽ ብቻ ተሰማት። ዝምታው ከበዳት፤ ያ ሰው እዚህ ተመትቶ ሲወድቅ ዓለም ምንም እንዳልሰማ ገባት።

ረዳቷ እያለከለከ ተመለሰ። «ተሰማ?»

«ጮህክ እንዴ?»

«እንደ እብድ ነው የጮህኩት!»

«እንግዲያው ደመወዝህ ባለበት ይቆያል» አለችና ወደ ታች ወረደች።

ካፌው ተዘግቷል። ቡና የምታፈላው ባሪስታ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ቀልጣፋ ሴት፣ ከመሸጫው ጀርባ ቆማ ግራ እጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«እስቲ ንገሪኝ እህቴ፤ ዛሬ ሙት ሰዓት እንዴት ነበር?»

«እንደወትሮው ነው እትዬ። ጭር ያለ።» ይህን ስትል ዓይኗ ወደ ጥግ ሸሸ። ጥጉ ላይ ግራጫ ልብስ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ የቤቱ የዋጋ ባለሙያ ናት።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«እንፋሎት። ያጋጥማል፤ ሥራ ነው።»

መርማሪዋ ሙቅ ውሃ ለመነች። «ውሃ ብቻ?» አለች ባሪስታዋ፣ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምታ እንደማታውቅ። «ጨጓራዬ ቡና ከልክሎኛል፤ ቤቴ ውስጥ የሚያዘው እሱ ነው» አለቻት። ውሃው እስኪመጣ የቆሻሻ መጣያውን አየች፤ በወረቀት ስኒ ከመሙላቱ የተነሳ ክዳኑ አልገጥም ብሏል። ባዶ የወተት ሣጥኖች ተደራርበዋል። የማሽኑ የእንፋሎት ቧንቧ ላይ ወተት ደርቆ እንደ ኖራ ተለጥፏል። ውሃዋን ጠጣችና አመሰገነች።

የሟቹ ልጅ ከኋላ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ቡና ቀማሽ ሆና ከአባቷ ሥር የተማረች ናት። እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ትከሻዋ ላይ የወንድ ካፖርት ተደርቦላታል፤ የካፖርቱ ባለቤት አጎቷ ከኋላዋ ቆሞ ጸጉሯን ይደባብሳል።

«ልጄን አታስጨንቋት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ነን ያሳደግናት» አለና ለስለስ ብሎ ወጣ።

ልጅቷ ሳትጠየቅ ጀመረች። «ቡናውን ይዤለት ወጣሁ። 'ከነገ ጀምሮ እዚህ አትሠሪም፤ ወንዝ ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ ትሄጃለሽ' አለኝ። ሊዘጋ ነው የሚባለው ቅርንጫፍ እኮ ነው! ልጁን ከሚዘጋ ቤት ጋር አብሮ የሚዘጋ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተናደድኩ። የማይባል ነገር አልኩት።»

«ምን አልሽው?»

ልጅቷ ደም የነካውን እጅጌዋን አየች። «'ይህ ቤት የሚድነው አንተ ስትሞት ነው' አልኩት።»

ረዳቷ ብዕሩን ቀና አደረገ። መርማሪዋ በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ፈገግ ብሎ 'ቆይ፣ ጨርሼ ልንገርሽ' አለኝ። አልቆየሁም። እያለቀስኩ በውስጥ ደረጃ ወረድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እያለቀስኩ ሳልፍ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ መሐረብ ሰጠችኝ። ውጭ ሄጄ አንድ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ ሲበርድ ይቅርታ ልጠይቀው ተመለስኩ። ወድቆ አገኘሁት። አነሳሁት፤ ከበደኝ። ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ።»

«የቱ ሰው ነው መሃሉ ያለፍሽው? በሙት ሰዓት?» አለ ረዳቷ።

«እኔ እንጃ። ሰው ነበራ።»

ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ረዳቷ አላስችል አለው። «አለቀ በቃ! ባሪስታዋ ጭር ብሎ ነበር ትላለች፤ ይህቺ ሰው ሞልቶ ነበር ትላለች። ትሞታለህ ብላዋለች፣ ሞቷል። ደሙ እጅጌዋ ላይ ነው። ማዘዣውን ላጽፍ?»

«እስቲ ቆይ። የሁሉንም ሰው ጫማ ለዱካ ማወዳደሪያ ብለህ ሰብስብ። መጀመሪያ ግን አጎትየውን ጥራልኝ።»

ታናሽ ወንድሙ የቅርንጫፎቹ ኃላፊ ነው። ሠራተኞቹ «ምክትሉ» ይሉታል። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አለ፤ መርማሪዋ የውሸቱን ከእውነተኛው ትለያለች፣ ይህ የውሸት አልነበረም።

«አልደብቅም፤ ተጣልተናል» አለ። «ወንድሜ ኩራቱን በስኒ ቀድቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሦስት ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነው። በእጄ የከፈትኳቸው ናቸው። የሠራተኞቹን ልጆች እንኳ በስማቸው አውቃለሁ። ቅናሽ እናድርግ፣ ሰው ይመለስ ብዬ ለመንኩት። እንደ ለማኝ አየኝ።»

«ዛሬስ?»

«ደግሜ ልለምነው መጥቼ ነበር። ድፍረት አጣሁ። ታች መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ ቆየሁ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ዝንብ እንኳ አልነበረም። ባሪስታዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ማሽኑን ታጥባለች። አልጠራኋትም። በኋላ ስልክ ላነጋግር ወደ መኪናዬ ወጣሁ፤ ደውለው የነገሩኝ እዚያ ሆኜ ነው፤ ስመለስ ካፌው ተዘግቶ ነበር።»

«በጓሮ በኩል አላለፉም?»

«ጓሮ ምን ልሠራ?»

መርማሪዋ እግሯን የምታሽ መስላ ጎንበስ አለች። የምክትሉ ጫማ ጥቁርና የተወለወለ ነው። በማሰሪያው ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ቡናማ ነገር ተሸጉጧል።

«የወንድምዎ ልጅ ካፌው በሰው ተሞልቶ ነበር ትላለች።»

ምክትሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «ደንግጣለች፤ አትፍረዱባት። ብታጠፋም ልጄ ናት። ጠበቃ እኔ አቆምላታለሁ።»

«ብታጠፋም» የምትለዋ ቃል በፍቅር ተጠቅልላ ነው የቀረበችው። ቢላዋም በጨርቅ ይጠቀለላል።

በጓሮው ደረጃ ስትወርድ ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ቡና ሲቆላ የሚራገፈው ስስ ቅርፊት፣ ገለፈቱ፣ ደረጃውን ሞልቶታል። ከታች በትልቅ የመቁያ ማሽን አጠገብ አንድ ግዙፍ ቡና ቆዪ መጥረጊያ ተደግፎ ቆሟል።

«ይቅርታ እመቤቴ፤ ጠዋት ወልውዬው ነበር» አለ። «ከምሳ በኋላ የገለፈቱ ከረጢት እዚሁ ተቀደደብኝ። ልጠርግ ስል የምቆላው ቡና ደረሰ፤ ማሽኑን አቁሜ እሱን ሳወጣ ደግሞ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ማን መጥረጊያ ያስታውሳል?»

«በዚህ ያለፈ ሰው አላየህም?»

«ፊቴ ወደ እሳቱ ነው። ማሽኑ ሲዞር ዝሆን ቢያልፍ አልሰማም።»

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ባለፈው ሳምንት 'ምላስህ አርጅቷል' ብሎ ሰድቦኛል። እኔም 'ዋጋህ ነው ያረጀው' አልኩት።» መጥረጊያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቅናሹን ግን እኔም አልደግፍም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። በየቀኑ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ጎረቤቱ በግማሽ ሲጠጣ ካየ፣ ሞኝ ያደረግነው አይመስለውም?»

ይህ ጥያቄ በመርማሪዋ ጭንቅላት ውስጥ እየዞረ ወደ ዋጋ ባለሙያዋ ወሰዳት። ሠራተኞቹ ይህቺን ሴት «መቀሷ» ነው የሚሏት፤ ዋጋ ልትቆርጥ መጣች ብለው የጎሪጥ ያዩዋታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሟቹ በሁሉም ፊት «የቤቴን ዋጋ የሚነካ ጣት ይቆረጣል!» ብሎ ጮኾባታል።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ጣትሽ ይቆረጣል ያለሽ ሰው እስከ ዛሬ ለምን አላባረረሽም?»

ሴትዮዋ ግራጫ እጅጌዋን ጎተት አደረገች።

«ቢሮሽ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዛሬ እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሻይ ልጠጣ መጣሁ።»

«መጣያው እስከ አፉ ሞልቷል። ወተቱ አልቋል። ባሪስታዋ ከጥድፊያ ብዛት እጇን ተቃጥላለች፤ ማሽኗን ለማጠብ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ያን ሁሉ ቡና ለማን ሸጣችሁ? አንቺን እያየች ነው የዋሸችኝ። አንዲት ልጅ እውነት ስለተናገረች ልትታሰር ነው።»

የዋጋ ባለሙያዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ብዙ አወራች። ስትጨርስ መርማሪዋ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ የነገረቻትን ለማንም እንዳትደግም፣ በተለይ ለምክትሉ።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ምክትሉ ካፌው እንዲከፈት አዘዘ። «ወንድሜ ተዘግቶ ማየት አይወድም» አለ። ረዳቷ የልጅቷን የእስር ማዘዣ ለማታ አዘጋጅቷል። ሙት ሰዓት ሲደርስ መርማሪዋ ሁሉም በጓሮው ደረጃ በኩል ወደ ቅምሻ ክፍሉ እንዲወጡ አደረገች። ወለሉ ታጥቧል። ስኒዎቹ ተነሥተዋል። ሁለቱ በሮች ከኋላቸው ተዘጉና ያ ከባድ ዝምታ ወረደባቸው።

ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ አጎቷ ከጎኗ እጇን ይዟል። ቆዪው ግድግዳውን ተደግፏል። የዋጋ ባለሙያዋ ስልኳን ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

«እስቲ ከሚዛኑ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ ትልቁን ብረት አነሳ፣ መታ። ከዚያ አጠበውና በረድፉ ላይ መለሰው። እንግዳ ሰው ቢሆን የያዘውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው ግን በዚያ ሰዓት እንኳ ሚዛኑ ተጓድሎ እንዲቀር አልፈለገም። ሚዛኑን ይወደዋል።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ደፍ ዞሩ።

«ሁለተኛው በሩ ነው። እዚህ ያለ ሰው ከታች ምንም አይሰማም። ምክትል፣ ካፌ በማስተዳደር ከእርስዎ የሚበልጥ እዚህ የለም። አሁን ታች ምን ያህል ሰው ይኖራል ይላሉ?»

ምክትሉ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሙት ሰዓት ነው እኮ። ማንም የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው፤ ኢንስፔክተር። ያን ዕለት እንደነበረው ነው። ባዶ።»

መርማሪዋ ለረዳቷ ምልክት ሰጠችው። የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ሁለተኛው ተከፈተ።

ድምፁ ጎርፎ ገባ። የማንኪያ ኳኳታ፣ የማሽኑ ፉጨት፣ ሳቅ፣ የወንበር መንፏቀቅ፣ ያንዲት ሕፃን ለቅሶ፣ «ወረፋ ያዙ እባካችሁ!» የምትለው የባሪስታዋ ድምፅ። ቆዪው አፉን ከፈተ። የምክትሉ ፊት ግን እንደ አመድ ሆነ።

«ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ሰው ተሞልቶ። ይህቺ ልጅ አልዋሸችም። እርስዎ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኗን የምታጥብ ባሪስታ ሳይሆን እጇን እያቃጠለች የምትሮጥ ባሪስታ ያዩ ነበር። የነገሩኝ ያዩትን አይደለም፤ በየቀኑ የሚሆነውን ነው። ያን ቀን ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።» ወደ ዋጋ ባለሙያዋ ዞረች። «ንገሪያቸው።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ቅናሽ ጀምረን ነበር። ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም፤ በየቀኑ የሚመጣው ደንበኛ እንዳይከፋው። መልእክቱ የሚደርሰው መምጣት ላቆሙት ሰዎች ስልክ ብቻ ነው። 'ናፍቃችሁናል፤ በዚህ ቤት፣ በዚህ ሰዓት፣ በግማሽ ዋጋ' የሚል። ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ከእኔና ከባሪስታዋ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬም ኢንስፔክተሯ ስላዘዙኝ ደግሜ ላክሁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሲሞት ደንበኞቹን አስወጥቼ ዝም አልኩ። ባሪስታዋንም ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ገዳዩን በግማሽ ዋጋ የጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ።»

«ተሳስቼ ይሆናል!» አለ ምክትሉ። «ሐዘን ላይ ነኝ፤ ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰው የምትወነጅሉት?»

«ለዚህ ብቻ አይደለም። ጓሮ አላለፍኩም ብለዋል። የጓሮው ደረጃ ጠዋት ተወልውሏል፤ ገለፈቱ የፈሰሰበት ከምሳ በኋላ ነው። ጫማዎን ስንወስድ ከማሰሪያው ሥር ገለፈት አገኘን። በገለፈቱ ላይ ደግሞ የወንድምዎ ደም አለ።»

ልጅቷ እጇን ከአጎቷ እጅ አወጣች። በዝግታ ነው ያወጣችው፤ ገና ያላመነች ይመስል።

ምክትሉ ባዶ የቀረ መዳፉን ተመለከተ። ስለ ደሙ ምንም አልጠየቀም። ዓይኑ የዋጋ ባለሙያዋ ላይ ነው። «ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ አልሽ። ማነው?»

«ወንድምዎ።»

«ውሸት ነው። እሱ ምን ሲደረግ ይቀንሳል!»

«የጮኸብኝ ዕለት ማታ ደወለልኝ። 'ወንድሜ ልክ ነው' አለኝ። 'ግን አሁን ብነግረው ዕድሜ ልኬን መሳለቂያ ያደርገኛል። ሰው ከመጣ በማግስቱ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። ካልመጣ ውርደቴን ብቻዬን ልቻለው' አለ። ለዚህ ነው በሩን ዘግቶ እዚህ የተቀመጠው። ሰዓቱ ሳያልቅ ወርጄ አላይም ብሎ ነበር። ወንዝ ዳር ያለውም ቅርንጫፍ አይዘጋም ነበር፤» ወደ ልጅቷ አየች፤ «በቅናሹ የሚድነው የመጀመሪያው እሱ ነበር። በእጅሽ ሊሰጥሽ ነው የፈለገው።»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ቀስ በቀስ ተሸበሸበ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ለመንኩት። ሠራተኞቹ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው አልኩት። ፈገግ አለብኝ። 'ነገ ና፤ ነገ እናወራለን' አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ማንኪያውን አነሳ። በእኔና በእነሱ ሕይወት የሚያሾፍ መሰለኝ። ሚዛኑ እጄ ሥር ነበር።» ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ነገ ና ነው ያለኝ እኮ። ነገ።»

«እኔንም 'ቆይ፣ ጨርሼ ልንገርሽ' ነው ያለኝ» አለች ልጅቷ። እንባዋ ወረደ። «እኔም አልቆየሁም። ግን አጎቴ፣ እኔ እኮ ሄጄ ግንብ ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

ምክትሉ ፊቱን አዞረ። ዓይኗን ማየት አቃተው።

ረዳቷ ማዘዣውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደና ምክትሉን ክንዱን ያዘው። የወሰደው በካፌው በኩል ነው፤ በጓሮ በኩል እንዲወርድ መርማሪዋ አልፈቀደችም። ሰው እየገፋ፣ ስኒ የያዘ እያለፈው ሲሄድ አንድ የድሮ ደንበኛ ለይቶት ብድግ አለ። የሐዘኑን ጉዳይ አልሰማም ይመስላል፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ምክትል! ዘግይታችሁም ቢሆን ልክ አደረጋችሁ» አለው። «ለወንድምህም ንገርልኝ።»

ምክትሉ አንገቱን ደፍቶ እርምጃውን ገታ። ረዳቷ ደግፎ እስከ መኪናው አደረሰው።

ላይ፣ በቅምሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ልጅቷ ብቻዋን ቀርታለች። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ልጅቷ። «አባቴ ሰዎቹ እንደመጡ ሳያውቅ ነው የሞተው?»

መርማሪዋ ለመዋሸት ቃል ፈለገች። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ዋሽታለች፤ ለሌቦችም፣ ለአለቆቿም። ለዚህች ልጅ ግን አፏ እሺ አላላትም።

«በሩ ተዘግቶ ነበር ልጄ» አለቻት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ አንድ ወንበር አመጣችና በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ በመግቢያው ላይ አቆመችው። ሌላውን በርም በሌላ ወንበር ደገፈችው። ከዚያ አባቷ ይቆምበት በነበረው የጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠችና ከታች የሚመጣውን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች።